ያመለጠኝ ኳስ በሕልሜ ይመጣል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። አንዱ ከቦሳ አዲስ፣ ሁለተኛው ከአጋሮ፣ ሦስተኛው ከሄርማታ መርካቶ የመጣ ነው፤ የሦስተኛው ጉዳይ ግን ያለው አሜሪካ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት በቡድን መካከል ቆማ፣ ስትሳሳት ግን ብቻዋን ስለምትታይ ልጅ ነው። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፤ ደብዳቤዋን ሳነብ የራሴን የአሥራ ሰባት ዓመት ፊት አይቼበታለሁና።

ጥያቄ፦

ውድ መምህርት፣ ዕድሜዬ 17 ነው። በሴቶች ቡድናችን ውስጥ ግብ ጠባቂ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዝናብ ስንጫወት ከመሀል ሜዳ የተላከ፣ ማንም ሊይዘው የሚችል ኳስ ከእጄ አምልጦ በእግሮቼ መሀል ገባ። 1 ለ 0 ተሸነፍን። በቀጣዩ ጨዋታ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥብን መቺዋ ገና ሳትመታ ወደ ቀኝ ወደቅሁ፤ እሷም ቀስ ብላ መሀል ለመሀል አገባችው። ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች ሳልፍ «ወንፊቷ መጣች» ይላሉ። ጨዋታ ሲቃረብ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሌሊት ያ ኳስ በሕልሜ ይመጣል። አሰልጣኛችን «በራስሽ ተማመኚ» ይለኛል፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አይነግረኝም። ድፍረት አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ ይለመዳል? በረኝነቱን ልተወው?

ሐ. ከቦሳ አዲስ

መልስ፦

ልጄ፣ አትተዪው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ መልሱን ፍለጋ እስከ ገጹ መጨረሻ እየተጨነቅሽ እንዳታነቢ ነው።

በ1991 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ጅማ ለትምህርት ቤታችን ቡድን በረኛ ነበርኩ። የበረኛ ጓንት አልነበረኝም፤ የወንድሜን የሱፍ ጓንት ነበር የማጠልቀው። ሱፍ ውኃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ የሰኔ ቀን ከቀኝ በኩል የተሻገረች ኳስ ዘልዬ ያዝኳት፤ ደረቴ ላይ አቀፍኳት፤ መሬት ስረግጥ እንደ ሳሙና ሾልካ ከኋላዬ ገባች። ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ቡና ትለቅም ነበር። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ ሆኜ ፊቷ ቆሜ አለቀስኩ። «ምን ሆንሽ?» አላለችኝም። «ማልያሽን እጠቢና አስጪው፤ ከዚያ ትበያለሽ» አለችኝ። አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ በላሁ። ስለ ኳሱ የጠየቀችኝ በማግስቱ ነው፤ ያውም «ኳሷ ስትመጣ እግርሽ የት ነበር?» ብላ። እናቴ በሕይወቷ ኳስ ሜዳ ገብታ አታውቅም። ያ ጥያቄዋ ግን ከዚያ ወዲህ ከአሰልጣኞች ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። እኔ ስለ ውርደቴ ሳስብ ነበር ያደርኩት፤ እሷ የጠየቀችኝ ስለ እግሬ ነው።

አሰልጣኝሽ «በራስሽ ተማመኚ» የሚልሽ በክፋት አይደለም። ነገር ግን ይህ ቃል በትእዛዝ የሚፈጸም ነገር አይደለም፤ «ቁመትሽን ጨምሪ» ከማለት አይለይም። መተማመን ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው። እጅ አንድን ነገር ደጋግሞ ሠርቶ ሲያውቀው፣ ልብ ዘግይቶ ይሰማል። ስለዚህ ከልብሽ ጋር የያዝሽውን ክርክር ለጊዜው አቁሚውና ከእጅሽና ከእግርሽ ጀምሪ።

በቅድሚያ ስለ እጅሽ መቀዝቀዝ። ሰውነት አደጋ ሲጠረጥር አድሬናሊን ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከቆዳና ከጣቶች ሸሽቶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። እጅሽ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ፈሪ ስለሆንሽ ሳይሆን ሰውነትሽ ለመሮጥና ለመዝለል ስለተዘጋጀ ነው። ልቡ የማይመታ በረኛ እኔ እስካሁን አላየሁም። ይህን መለጎም የሚቻለው በትንፋሽ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ስለዚህ ማስወጣቱን ማስረዘም ነው። አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ ሰባት ወይም ስምንት እየቆጠርሽ አስወጪ። ሦስት ጊዜ ይበቃል። ይህን ግን በጨዋታ ቀን አትጀምሪው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መኝታሽ ላይ፣ ጠዋት ውኃ ስትቀጂ፣ ከፈተና በፊት ተለማመጂው። ሰውነትሽ የማያውቀውን ትንፋሽ በጭንቅ ሰዓት አይታዘዝልሽም።

አሁን ወደዚያች ኳስ እንመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ሳቁና ስለ ስድቡ ብዙ መስመር አለ፤ ኳሷ ለምን እንዳመለጠች ግን አንድም ቃል የለም። እዚህ ላይ ነው ልቆጣሽ የምፈልገው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። እዚህ በረኛ መሆን ማለት የዝናብ በረኛ መሆን ነው። እርጥብ ሣር ላይ ያረፈች ኳስ ተንሸራትታ ካሰብሽው ፈጥና ትደርሳለች፤ ቀዩ ጭቃ ላይ ያረፈች ግን ትያዛለች፣ አልፎ አልፎም አቅጣጫ ትቀይራለች። የከተማችን ሜዳዎች ሁለቱንም በአንድ ቀን ያሳዩሻል፤ ከሳጥኑ ውጪ ሣር ነው፣ ግቡ አፍ ላይ ግን ሣሩ በታኬታ ተግጦ አልቆ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ከመሀል ሜዳ የመጣችብሽ ኳስ ሁለቱንም አቋርጣ ነው የደረሰችሽ። ስለዚህ «ማንም ሊይዘው የሚችል ኳስ» ያልሽው ትክክል አይደለም። ቀላል የሚመስል፣ ግን የራሱ ዘዴ ያለው ኳስ ነው።

ዘዴው ይኸውልሽ። ከጨዋታው በፊት ሰውነትሽን ስታሟሙቂ ጓደኛሽ ከተለያየ ቦታ መሬት ለመሬት ትላክልሽ፤ የት ላይ እንደምትፈጥን፣ የት ላይ እንደምትያዝ በዓይንሽ መዝግቢ። መሬት ለመሬት ለመጣች ኳስ ሁለት እግር ከፍቶ ማጎንበስ በዝናብ ቀን አያዋጣም። አንዱን ጉልበትሽን ወደ መሬት አጥፈሽ ከሌላው እግርሽ ተረከዝ ጎን አምጪው፤ እጅሽ ቢያመልጣት ጉልበትሽ ወይም ቅልጥምሽ ይመልሳታል። ኃይለኛ ምት ሲሆን ለመያዝ አትስገብገቢ፤ በመዳፍሽ ወደ ጎን ወደ ውጪ ግፊያት፤ ወደ መሀል ግን በጭራሽ። ጓንትሽ ላቴክስ ከሆነ ፍጹም ሲደርቅም፣ ጭቃ ሲጠጣም ይንሸራተታል፤ ከመግባትሽ በፊት በንጹሕ ውኃ አርሰሽ ጨምቂው፣ አንድ ፎጣና አንድ ኮዳ ውኃ ከቋሚው ጀርባ አስቀምጪ። ከዚያ ደግሞ ዋናው ሥራ አለ። ባልዲ ሙሉ ውኃ ሜዳ ላይ አምጡና ኳሷን እየነከሩ ይላኩልሽ። በእያንዳንዱ ልምምድ 30 ኳስ፣ ፀሐይ ቢሆንም። እኔ ከዚያ የሰኔ ቀን በኋላ ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ነው ያደረግሁት፤ ወንድሜ ኳሷን ነክሮ ሲወረውርልኝ እርሱም እኔም እስከ ምሽት ረጥበን እንገባ ነበር። መስከረም ላይ ዝናብ ሲጥል ጓደኞቼ ሲሸማቀቁ እኔ ሳልሸማቀቅ መቆሜን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። «ዛሬ ደፋር ልሁን» ብዬ የወሰንኩበት ቀን ግን አልነበረም።

ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ልለፍ፤ ስለዚህ ነገር የምነግርሽ የምወደው ጥናት አለና። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት በትልልቅ የወንዶች ውድድሮች የተመቱ 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን መረመረ። ግብ ጠባቂዎቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የዘለሉት በ94 በመቶ ገደማው ላይ ነው፤ መሀል የቆሙት በ6 በመቶው ብቻ። ከምቶቹ ውስጥ ግን ወደ 29 በመቶ የሚሆኑት የተመቱት ወደ መሀል ነበር። ታዲያ የዓለም ምርጦች ለምን አይቆሙም? የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ልብ ይነካል፤ ዘሎ ጎል የገባበት በረኛ «ሞከረ» ይባላል፣ ቆሞ የገባበት ግን «ምን ሲያደርግ ነበር?» ይባላል። ስለዚህ ይዘላሉ። አንቺም መቺዋ ሳትመታ የወደቅሽው የመጀመሪያው ጎል ስላሳፈረሽ ይመስለኛል። ምንም ሳላደርግ እንዳልታይ ብለሽ ቸኮልሽ። ይህን ስነግርሽ አላሾፍኩብሽም፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ በዓለም ታላላቅ ስታዲየሞች የሚቆሙትም ያደርጉታል።

በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ጥንካሬ መቆየት ነው። ኳሷ ከምትቀመጥበት ነጥብ እስከ ግብሽ መስመር 11 ሜትር ነው፤ በደንብ የተመታች ኳስ ይህን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ታቋርጠዋለች። የግብሽ ስፋት ደግሞ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ስሌት ከአራት ምት ሦስቱ ገደማ መግባታቸው አያስደንቅም፤ ስለዚህ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገባብሽ ዕዳው ያንቺ አይደለም። አንቺ ያለሽ ነገር ዓይን ነው። መቺዋ ኳሷ አጠገብ የምትተክለው እግር ጣት ብዙ ጊዜ ወደምትመታበት ጎን ያመለክታል፤ ዳሌዋም እንዲሁ። ያ እግር መሬት እስኪረግጥ ድረስ አትወስኚ። የአሁኑ ደንብም ቢሆን ኳሷ ስትመታ ቢያንስ የአንዱ እግርሽ የተወሰነ ክፍል መስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ በላይ ወይም ከመስመሩ ኋላ እንዲሆን ነው የሚያዝዘው። በልምምድ ላይ እንዲህ አድርጊ፤ ጓደኛሽ አሥር ስትመታ አንቺ ምንም ሳትዘዪ ቆመሽ ወዴት እንደምትመታ በድምፅ ብቻ ተናገሪ። «ግራ!» «መሀል!» ስንቱን እንዳወቅሽ ቁጠሪ። ስድስትና ሰባት ስትደርሺ ያኔ ዝለዪ። መቆም እንደሚቻል፣ ቆሞ ጎል ቢገባም ምድር እንደማትከፈት ሰውነትሽ የሚማረው በዚህ ነው።

ጎል ከተቆጠረ በኋላ ያለው ደቂቃ ሌላ ነገር ነው። በረኛ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ጎል ላይ ነው፤ አእምሮው ገና የመጀመሪያው ጋ ስለቀረ። ለዚህ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ትንሽ ሥራ ያስፈልግሻል። የኔ እንዲህ ነበር፦ ኳሷን ራሴ ከመረብ አወጣለሁ፣ ጓንቴን አውልቄ ጨምቄ መልሼ አጠልቃለሁ፣ የግራውን ቋሚ በመዳፌ እነካለሁ፣ ከዚያ ለተከላካዮቼ አንድ የተለየ ነገር በስም ጠርቼ እናገራለሁ። «አይዟችሁ» ማለቴ አይደለም፤ «ከኋላሽ ሰባት ቁጥር አለች!» የሚለውን ዓይነት። ስለ ሌላ ሰው አቋቋም የሚናገር አፍ ስለ ራሱ ኀፍረት ለማሰብ ጊዜ የለውም። ቡድንሽም የሚሰማው ድምፅሽን ነው። ዝም ካልሽ ዝምታሽን ይሰሙና ሁሉም ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ከሁለቱ ጨዋታዎች በኋላ ድምፅሽ ጠፍቷል ብዬ እወራረዳለሁ። መጀመሪያ እሱን መልሺ።

ዕድሜሽ ትንሽ ስለነበር ላታስታውሺው የምትችይውን አንድ ምሽት ልንገርሽ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠመች። እኛ ጅማ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተፋፍገን እናይ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ዳነ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ሲሳይ ባንጫ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ገባ፤ ቡድኑ አሥር ሰው ሆኖ፣ እግሩ ሳይሞቅ፣ ገና ከእረፍት በፊት ጎል ተቆጠረበት። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላዬ ያሉ አንድ አዛውንት «አለቀልን» አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከሲሳይ አልነቀልኩም፤ በረኛ ሌላውን በረኛ ነው የሚያየው። ከእረፍት በኋላ ሙሉ አርባ አምስት ደቂቃ አንድም ጎል አልገባበትም። አዳነ ግርማ አቻ አደረገን፣ 1 ለ 1 ወጣን። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ስለ አዳነ ጎል ሲያወራ አመሸ፤ ደስታው ተገቢ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው ጎሉ ከገባበት በኋላ ያለውን የሲሳይን የመጀመሪያ ኳስ ነው።

ስለ «ወንፊቷ» ብዙ አልልም። ከሚሰድቡሽ ልጆች መካከል ለአንድ ልምምድ እንኳ ግብ ላይ የቆመ ካለ አምጪውና 30 እርጥብ ኳስ ይላክለት። ከሌለ ደግሞ መንገድሽን ቀጥዪ።

ደብተር ግዢ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ «ጥሩ ነበርኩ» ወይም «መጥፎ ነበርኩ» የሚል ነገር አትጻፊበት፤ ስንት ኳስ መጣ፣ ስንቱን ያዝሽ፣ ስንቱን ገፋሽ፣ የገባው ከየት በኩል ገባ፣ እግርሽ የት ነበር። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ደብተሬን ሳገላብጥ ከገቡብኝ ኳሶች የሚበዙት ከቀኝ የተሻገሩ ሆነው አገኘኋቸው። ነገሩ ፍርሃት አልነበረም፤ ወደ ቀኙ ቋሚ እጅግ ተጠግቼ እቆም ነበር። አንድ እርምጃ ወደ መሀል መጣሁ፣ በቃ።

ስለ ሕልሙ፦ ያመለጠ ኳስ ለጥቂት ሳምንት በሕልም መምጣቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ትምህርትሽ ላይም ማሰብ ካቃተሽ ለእናትሽ ንገሪያትና ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ለተሰበረ ጣት ሐኪም ጋ እንደሚኬደው ሁሉ ለዚህም ይኬዳል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦

መምህርት፣ ዕድሜዬ 26 ነው፣ አጋሮ ውስጥ የታዳጊ ሴቶች ቡድን አሠለጥናለሁ። ሁለት በረኞች አሉኝ። አንዷ ስትሳሳት ወዲያው ቀይሬ ሌላዋን አስገባለሁ፤ ፉክክሩ ያጠነክራቸዋል ብዬ ነው። ከግቡ ጀርባ ቆሜም እየጮህኩ አስተካክላቸዋለሁ። ግን ሁለቱም እየባሱ ሄዱ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጠየቅህን አከብራለሁ፤ ብዙ አሰልጣኝ ይህን ጥያቄ ለራሱም አያነሣውም።

ከግቡ ጀርባ ውጣ። ዛሬውኑ። በረኛ ዓይኗ ፊት ለፊት፣ ጆሮዋ ደግሞ ካንተ ጋር ከሆነ ኳሷን የምታየው በግማሽ አእምሮዋ ነው። ስህተት በሠራች ቁጥር እንደምትወጣ የምታውቅ ልጅ ስህተት ላለመሥራት ትጫወታለች፤ ይህ ማለት ለተሻጋሪ ኳስ ከመስመሯ አትወጣም፣ አጥቂ ብቻዋን ስትመጣ ወጥታ ግቡን አታጠብባትም፣ ቆማ ትጠብቃለች። እየባሱ ሄዱ ያልከው ይህ ነው። ከጨዋታው በፊት ለምትቆመዋ ልጅ ሁሉም እየሰሙ እንዲህ በላት፦ «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፤ ጎል ቢገባብሽ አልቀይርሽም።» ቃልህንም ጠብቅ፤ ሦስት ቢገባባትም። ሁለተኛዋ የራሷ የሆነ፣ አስቀድማ የምታውቀው ጨዋታ ይኑራት። የምታርመውን ነገር ለማግስቱ አቆየው፤ ስታርምም ስለ ልጅቷ ጠባይ ሳይሆን ስለ እርምጃዋ ተናገር። «ፈራሽ» ብትላት የምታስተካክለው ነገር የላትም። «ግማሽ ሜትር ዘግይተሽ ወጣሽ» ብትላት አላት።

ጥያቄ፦

እህቴ ሆይ፣ እኔ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። የ15 ዓመት ልጄ አሜሪካ እህቴ ዘንድ ነው የምትማረው። እዚያ ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ ትጫወታለች፤ ወርዋሪ ናት። ጨዋታው ሲያልቅ ትደውልልኛለች፤ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ እያለቀሰች ነው የምትደውለው። «እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ በኔ ምክንያት ተሸነፍን» ትለኛለች። እኔ ጨዋታውን አላውቀውም። «አይዞሽ፣ ዝም ብለሽ ወርውሪ» ብላት ስልኩን ዘጋችብኝ። አባት ከዚህ ርቀት ምን ሊያደርግ ይችላል?

መልስ፦

ጋሼ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስልክ ይዘው የሚነቁ አባት ብዙ ነገር እያደረጉ ነው። የተሳሳቱት «ዝም ብለሽ» በሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ልጅዎ ከምትሠራው ሥራ ውስጥ ዝም ተብሎ የሚደረግ ነገር የለምና።

እኔ ሶፍትቦል ተጫውቼ አላውቅም፤ የስፖርት መምህር እንደመሆኔ ግን ደንቡን ተምሬዋለሁ። ላስረዳዎት። ልጅዎ አንድ ክብ መሀል ላይ ትቆማለች። ከፊቷ 13 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ዱላ የያዘች መቺ አለች፤ ከመቺዋ ጀርባ ደግሞ የራሷ ቡድን ተቀባይ ቁጢጥ ብላለች። ኳሷ ከብርቱካን ተለቅ ትላለች፤ ስሟ «ለስላሳ ኳስ» ማለት ቢሆንም ለስላሳ አይደለችም። የምትወረወረው ከትከሻ በላይ ሳይሆን ክንድን ሙሉ ክብ አዙሮ ከታች፣ ከዳሌ አጠገብ በመልቀቅ ነው። ጨዋታው ሰባት ዙር አለው፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚጀምረው ከልጅዎ እጅ ነው። አራት ጊዜ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ ከወረወረች መቺዋ ሳትደክም በነጻ ታልፋለች። ይህ በተከታታይ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ አንዲት ልጅን ብቻ ያያል። ኳስ ወደ በረኛ ትመጣለች፣ ከወርዋሪ ግን ትነሣለች፤ ያ ነው ልዩነቱ። ብቸኝነቱ አንድ ነው።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ» ያለችው እውነቷን ነው። ወርዋሪ ስትፈራ ኳሷን በጥንቃቄ ለማስቀመጥ ብላ ክንዷን ታዘገያለች፤ ክንድ ሲዘገይ ደግሞ የለመደው ምት ይፈርስና ኳሷ ይበልጥ ትስታለች። ከዚያ የበለጠ ትጠነቀቃለች፣ የበለጠ ትስታለች። መድኃኒቱ በሙሉ ፍጥነት ወርውሮ መሳት ነው፤ ይህን አሰልጣኟ ይነግራታል፣ ለእርስዎ ግን ማወቁ ይጠቅምዎታል። ሌላው በእጇ ያለ ነገር በሁለት ውርወራ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ናት። ከቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ትበል፣ መዳፏን በልብሷ ትጥረግ፣ ትንፋሿን በረዥሙ ታስወጣ፣ የተቀባይዋን ጓንት ትይ፣ ከዚያ ትጀምር። ዳኛው የሚሰጠው ፍርድና መቺዋ የምትመታው ምት የሷ አይደሉም። አያያዟ፣ ትንፋሿ፣ የክንዷ ፍጥነትና የምታየው ቦታ ግን የሷ ናቸው።

የጃፓኗን ወርዋሪ የዩኪኮ ኡኤኖን ታሪክ ይንገሯት፤ ምናልባት ታውቃታለች፣ ከእርስዎ አፍ ስትሰማው ግን ደስ ይላታል። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኡኤኖ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ወረወረች። በመጀመሪያው በአሜሪካ 4 ለ 1 ተሸነፈች፤ ያ ጨዋታ ተራዝሞ ዘጠኝ ዙር ሄዷል። በዚያው ዕለት አውስትራሊያን 12 ዙር ተጫውታ 4 ለ 3 አሸነፈች። በማግስቱ ለወርቁ ያንኑ ያሸነፋትን የአሜሪካን ቡድን ገጥማ 3 ለ 1 ረታች። በሁለት ቀን 413 ኳስ ነው የወረወረችው። ከ13 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይም በ39 ዓመቷ እንደገና ወርቅ ወሰደች። ልጅዎን ስለ ድሉ ብቻ አይንገሯት፤ ተሸንፋ በዚያው ቀን እንደገና ክቡ ውስጥ ስለገባችበት ሰዓት ይንገሯት።

ከዚያ ደግሞ ጨዋታውን እንድታስተምርዎ ይጠይቋት። ኳስ እንዴት እንደሚያዝ በስልኩ ካሜራ ታሳይዎ፤ ሱቅዎ ውስጥ አንድ ብርቱካን ይዘው አብረዋት ይሞክሩ። እንግዳ አገር ያለች ልጅ አባቷን የምታስተምረው ነገር ማግኘቷ ምን ያህል እንደሚያቆማት ሲያዩት ነው የሚያውቁት።

በሚቀጥለው ጊዜ እያለቀሰች ስትደውል ውጤቱን አይጠይቋት። ታልቅስ፤ እርስዎ መስመሩ ላይ ይቆዩ። ራት በልታ እንደሆነ ይጠይቋት፣ ካልበላች በልታ እንድትደውል ይንገሯት፣ ማልያዋን ራሷ እንድታጥበው ይምከሯት። ስለ ጨዋታው የሚያነሡት በማግስቱ ነው። ያኔም «ኳሷ ስትወጣ እግርሽ የት ነበር?» ይበሏት። በቀኝ እጅ የምትወረውር ከሆነ ወደ ፊት ተራምዶ የሚያርፈው የግራ እግሯ ነው፤ የምትመልስልዎት ነገር ይኖራታል።